ዙሩ የት ይሄዳል?

ባለፈው ዓመት 12ኛ ክፍል ስለ ዲኤንኤ መባዛት እያስተማርኩ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ሰሌዳው ላይ መሰላል ሣልኩ፣ ሁለቱ ቋሚዎች የዲኤንኤው ሁለት ክሮች፣ መወጣጫዎቹ ደግሞ ክሮቹን የሚያያይዙ ጥንድ ፊደሎች (ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ) ናቸው። መሃሉ ላይ ሦስት ማዕዘን የሚመስል ነገር አደረግኩና "ይሄ ሄሊኬዝ ነው፣ እንደ ዚፕ ይከፍተዋል" አልኩ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት እንዳልኳት ፈጣሪ ይወቅ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁም ሸምድጃት ፈተና ላይ ሁለት ማርክ አግኝቼባታለሁ። ተማሪው ይገለብጣል፣ እኔ አጠፋለሁ፣ ይደወላል፣ አለቀ።

የዚያን ቀን ግን ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ዲኤንኤ የተገመደ ነው ብለውን ነበር አይደል? እንደ ዚፕ ከተከፈተ ታዲያ ዙሩ የት ይሄዳል?"

ዚፕ የተገመደ ነገር አይደለም። ጠፍጣፋ ነው። ይሄ ነገር በዚያች ቅጽበት ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው፣ ያውም ቾክ ይዤ አርባ ምናምን ልጅ ፊት ቆሜ። "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እመለስበታለሁ" አልኩ። አስተማሪ የሆናችሁ ይቺን ዘዴ ታውቋታላችሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ሲባጎ ፈለግኩ። ከሁለት ክር የተገመደ፣ ዕቃ የሚታሰርበት ዓይነት። አንዱን ጫፍ ወንበር እግር ላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። በሌላው ጫፍ ሁለቱን ክሮች ለያየሁና አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጄ ይዤ መገንጠል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስንዝር ቀላል ነው። ከዚያ መክበድ ጀመረ። ገና ያልተፈታው ክፍል እየከረረ፣ እየከረረ ሄደና በራሱ ላይ ተጠምጥሞ ጉብ ጉብ ያለ ነገር አወጣ። አሁንም ስጎትተው ጭራሽ እምቢ አለ። እጄን ስለቀው ደግሞ ቱር ብሎ ወደነበረበት ተመለሰ።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን አቆመችና አየችኝ።

"ምን ሆነህ ነው ሲባጎውን የምታበላሸው?"

"እየፈታሁት ነው፣ እማዬ።"

"እንዲህ አይፈታም። ያን ጫፉን ልቀቀው እንጂ፣ ዙሩ በዚያ ይወጣል።"

ልክ ናት። የወንበሩን ቋጠሮ ፈትቼ እንደገና ሳብኩ። የተለቀቀው ጫፍ እንደ እንዝርት እየሾረ ሲባጎው ያለ ምንም ትግል ለሁለት ተከፈለ። የሃምሳ ዓመት የፈትል ልምድ እንዲህ ነው።

ችግሩ ዲኤንኤ የሚለቀቅ ጫፍ የለውም። የኢ ኮላይ ባክቴሪያ ዲኤንኤ እንደ አምባር ክብ ነው፣ ጫፍ ብሎ ነገር የለም። የእኛ ጫፍ አለው፣ ግን ትልቁ ክሮሞዞማችን ብቻ ወደ 249 ሚሊዮን ጥንድ ፊደል ይረዝማል። በፕሮቲን ላይ ተጠቅልሎ እዚህም እዚያም ተይዟል። በሚሊዮን የሚቆጠር ዙር ማዶ ያለ ጫፍ እየሾረ ዙር እስኪያወጣልን መጠበቅ አይቻልም።

ፍጥነቱን ሳሰላ ደግሞ ነገሩ ባሰብኝ። ኢ ኮላይ ውስጥ መፍታቱ በሰከንድ ወደ 1000 ጥንድ ፊደል ይደርሳል። ዲኤንኤ በየ10.5 ጥንድ አንድ ዙር ይጠመዘዛል። በሰከንድ 95 ዙር ገደማ፣ በደቂቃ 5700 ማለት ነው። የመኪናችሁ የዙር መቁጠሪያ ላይ መርፌው ቀዩን መስመር ሊነካ ሲል አስቡት። አንድ ሚሊ ሜትር ላይ አምስት መቶ ሺህ ቦታ ሊሰለፍ የሚችል ቀጭን ክር፣ ውፍረቱ 2 ናኖ ሜትር፣ በዚህ ፍጥነት እየተፈታ ነው። ሆድ ዕቃችን ውስጥ፣ አሁን፣ ይሄን ስታነቡ።

ልጅቷ ያነሳችው ጥያቄ የቆየ ጥያቄ መሆኑን ያወቅኩት ከዚህ በኋላ ነው። ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ባወጡበት በ1953 ዓመተ ምሕረት፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ሁለተኛ ጽሑፍ አሳትመዋል። እዚያ ላይ ይሄ ሁሉ ነገር ሳይወሳሰብ እንዴት እንደሚፈታ ለጊዜው ማየት እንደሚያስቸግር ራሳቸው አምነዋል። ግን የማይወጡት ችግር አልመሰላቸውምና አለፉት። ማክስ ዴልብሩክ አላለፈላቸውም። ከፊዚክስ ወደ ባዮሎጂ የመጣ ሰው ነው፣ ኋላ በ1969 ኖቤል ተሸልሟል። በ1954 በጻፈው ላይ ልክ እንደ ልጅቷ ዙሩ የት ይሄዳል ብሎ ተነሣ። መፍትሔ ያለው ደግሞ ክሩ እየተቆረጠ መልሶ መቀጠል አለበት የሚል ነው። ዝርዝሩ ልክ አልነበረም፣ ዋናው ሐሳብ ግን ልክ ሆኖ ተገኘ። በ1971 ጄምስ ዋንግ ዲኤንኤን ቆርጦ፣ ዙሩን አስወጥቶ፣ መልሶ የሚቀጥል ፕሮቲን ከኢ ኮላይ ውስጥ አገኘ። በ1976 ደግሞ ጋይሬዝ የሚባለው ተገኘ። እሱ ሁለቱንም ክር በአንድ ጊዜ ይቆርጣል፣ በክፍተቱ ሌላ የዲኤንኤ ቁራጭ ያሳልፋል፣ ከዚያ ይዘጋዋል። ከፊት የሚከማቸውን ክረት የሚያላላው እሱ ነው።

ጋይሬዝን ባታውቁት እንኳ ጠላቱን ታውቁታላችሁ። ሲፕሮ። ታይፎይድ ነው ተብዬ ስንት ጊዜ እንደዋጥኩት አላስታውስም፣ አንዳንዴም በእርግጥ ታይፎይድ ይሁን አይሁን ማንም ሳያጣራ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ጋይሬዝን የሚይዘው ክሩን ቆርጦ ገና ሳይቀጥል ባለበት ቅጽበት ነው። የተቆረጠው እንደተቆረጠ ይቀራል። እኔ ሰሌዳ ላይ "እንደ ዚፕ" እያልኩ ሳስተምር፣ ዚፕ አለመሆኑን የሚያሳይ ኪኒን ኪሴ ውስጥ ነበር።

እሺ፣ ዙሩ የሚሄድበት ታወቀ። ሄሊኬዝ ራሱስ ምን ያደርጋል?

የመጀመሪያው ሄሊኬዝም የተገኘው በዚያው በ1976 ነው፣ ጀርመን ሃይደልበርግ፣ ከዚያው ከኢ ኮላይ። እኔ ግን እስከዚያች ማታ ድረስ በሐሳቤ ይዤው የነበረው ሽብልቅ ነው። እንጨት የሚፈልጥ ሽብልቅ። መሃል ይገባል፣ ይገፋል፣ ይሰነጥቃል። ሦስት ማዕዘን አድርገን የምንስለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ካነበብኩ በኋላ የገባኝ ነገር፣ ለእኔ ከሁሉም የገረመኝ፣ ሄሊኬዝ በመጀመሪያ ደረጃ መንገደኛ መሆኑ ነው። ሥራው አንድ ክር ይዞ በአንድ አቅጣጫ መሄድ ነው። መከፈቱ የመሄዱ ውጤት ነው።

ይሄን ለማየት ከእናቴ ሙዳይ አንድ ዶቃ ወሰድኩ፣ በፈቃድ ነው። ቀዳዳው አንድ ክር ብቻ የሚያስገባ ዶቃ። ከሲባጎው ሁለት ክሮች አንዱን በዶቃው አሾለክሁ፣ ሌላውን ውጭ ተውኩት። ከዚያ ዶቃውን በጣቴ ወደ ፊት ገፋሁ። ዶቃው ሁለቱ ክሮች ተጣምረው ወዳሉበት ሲደርስ ውጭ የቀረው ክር መግቢያ ስለሌለው እየተላጠ ወደ ጎን ሄደ። ምንም የሚሰነጥቅ ስለት የለም። ዶቃ ብቻ፣ እሱም የሚሄድ። ኢ ኮላይ ውስጥ መንትያውን ክር የሚፈታው ዲኤንኤቢ የሚባለው ሄሊኬዝ እንደዚህ ያለ ቀለበት ነው፣ ከስድስት አንድ ዓይነት ክፍሎች የተሠራ። የእኛም ቀለበት ነው፣ ስድስት ክፍል፣ ግን ስድስቱ የተለያዩ ናቸው፣ ስማቸው ከኤምሲኤም2 እስከ ኤምሲኤም7።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። የዲኤንኤ ሁለት ክሮች አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው፣ አንዱ ሽቅብ ከሆነ ሌላው ቁልቁል። የባክቴሪያው ቀለበት በአንደኛው ክር ላይ ይሄዳል፣ የእኛው በሌላኛው ክር ላይ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል። ሁለቱም ያው አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። አሠራራቸው ሲታይ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች አይመስሉም። ሕይወት ይሄን ችግር ሁለት ጊዜ ለየብቻ የፈታችው ይመስላል።

ዶቃውን የገፋው ግን ጣቴ ነው። የእውነተኛውን ማን ይገፋዋል?

ከጉድጓድ ውሃ የሳበ ሰው መልሱን እጁ ያውቀዋል። አንዱ እጅ ገመዱን ይጨብጣል፣ ሌላው ይለቅና ወደ ፊት ሄዶ ይይዛል። ከዚያ ይቀያየራሉ። ሁለቱንም ባንዴ የለቀቀ ባልዲውን ጉድጓድ ከተተ። ቀለበት ያልሆኑት፣ ነጠላዎቹ ሄሊኬዞች እንደዚህ ናቸው። በ1999 የዴል ዊግሊ ቡድን ፒሲአርኤ የሚባለው ሄሊኬዝ ዲኤንኤ እንደያዘ በሁለት ቅጽበት ላይ ቅርጹን አሳየ፣ አንዱ ነዳጁ (ኤቲፒ የሚባለው፣ ሴል ለሥራ የሚጠቀምበት ጉልበት) ሲገባ፣ ሌላው ነዳጁ ከሌለ። ሁለት ጉብታዎች አሉት፣ በመካከላቸው ስንጥቅ። ኤቲፒ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ኤቲፒው ተሰብሮ ሲወጣ ይራራቃሉ። በየተራ አንዱ ሲያጠብቅ ሌላው ያላላል። በአንድ ኤቲፒ አንድ ፊደል። ቅርብ፣ ራቅ። ቅርብ፣ ራቅ። ቅጠል ላይ ወገቡን ቀስት አድርጎ የሚሄድ ትል አይታችሁ ከሆነ፣ ሳይንቲስቶቹም ስሙን ያወጡለት ከሱ ነው።

ቀለበቶቹ ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። በ2006 ኤሪክ ኤንማርክና ሌሞር ጆሹዋ ቶር የፓፒሎማ ቫይረስን ሄሊኬዝ ዲኤንኤ መሃሉ እንዳለ ቅርጹን አወጡ። ቀለበቱ ውስጥ ስድስት ጣቶች አሉ፣ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ። እያንዳንዱ ጣት አንድ አንድ ፊደል ይዟል። ሕንፃ ሥራ ላይ ደረጃ ለደረጃ ቆመው ጡብ የሚቀባበሉ የቀን ሠራተኞችን አስቡ። ልዩነቱ፣ እዚህ ጡቡን ማንም ለማንም አያቀብልም። ሁሉም የየራሱን እንደያዘ አንድ ደረጃ ይወርዳል፣ ታች የደረሰው ይለቅና ላይ ሄዶ አዲስ ይይዛል። በዚህ ሁሉ መሃል ቢያንስ አምስት ጣት ክሩ ላይ አለ። ቀለበት የሆኑት ረጅም መንገድ ሳይወድቁ የሚሄዱት ለዚህ ነው።

(የዚሁ ቫይረስ ዘመዶች ናቸው የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጡት። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2018 መጨረሻ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ለ14 ዓመት ሴት ልጆች ክትባት መስጠት ተጀመረ፣ ከተማሪዎቼ መካከልም የወሰዱ አሉ። ክትባቱ የሚያነጣጥረው የቫይረሱን ሽፋን እንጂ ሄሊኬዙን አይደለም፣ እንዳታምታቱት።)

አሁን የገረመኝን ልንገራችሁ። እኔ ኤቲፒ የሚጠፋው በፊደሎቹ መካከል ያለውን ማሰሪያ ለመበጠስ ይመስለኝ ነበር። ኤ እና ቲ በሁለት ማሰሪያ፣ ጂ እና ሲ በሦስት ይያያዛሉ፣ ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ማሰሪያ በጉልበት መበጠስ። ግን እነዚህ ማሰሪያዎች ደካሞች ናቸው። ክሩ በተከፈተበት መጋጠሚያ ላይ ያሉት ፊደሎች በሰውነት ሙቀት ብቻ በራሳቸው ይከፈታሉ፣ ወዲያው ይዘጋሉ፣ እንደገና ይከፈታሉ። አንድ ኤቲፒ ውስጥ ያለው ጉልበትም አንድ ጥንድ ለመለያየት ከሚበቃው በላይ ነው። ታዲያ ትርፉ የት ይገባል? ወደ ኋላ ላለመመለስ ነው የሚከፈለው።

ማታ ታክሲ ተራ ላይ ግፊያ ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በጉልበት የሚገፋው ሰውዬ አይደለም ቀድሞ የሚገባው። ሰዉ ወዲህ ወዲያ ሲወዛወዝ ትንሽ ክፍተት ስትገኝ እግሩን የሚያስገባ፣ ያስገባውንም እግር የማያወጣ ነው። አንዳንድ ሄሊኬዝ እንደዚህ ነው፣ ክፍተት ይጠብቃል፣ ሲከፈት ይገባል፣ አይመለስም። አንዳንዱ ደግሞ ክርኑን ይጠቀማል፣ መጋጠሚያውን ራሱ ይጫነዋል። አብዛኞቹ በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ናቸው። ጂ እና ሲ የበዙበት ቦታ ሲደርሱ ብዙዎቹ ይዘገያሉ፣ ምክንያቱም እዚያ ክፍተቱ እምብዛም አይገኝም።

አርኤንኤ ላይ ስደርስ ግን ይሄ "መንገደኛ ነው" ያልኩት ነገር ከሸፈብኝ። አርኤንኤ የዲኤንኤ ቅጂ ነው፣ ነጠላ ክር ነው፣ ግን በራሱ ላይ እየታጠፈ ይጣበቃል፣ ኪስ ውስጥ እንደቆየ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ። ፕሮቲን የሚሠራው ሪቦዞም ሊያነበው ሲል ፊት ለፊቱ ያለው እጥፋት መፈታት አለበት። ይሄን ከሚሠሩት መካከል ትልቁ ቤተሰብ ዴድ ቦክስ ይባላል። ስሙ የሚያስፈራ ነው፣ በእንግሊዝኛ ሙት ማለት ይመስላል፣ ግን ፕሮቲኑ ውስጥ ተከታትለው የሚገኙ የአራት አሚኖ አሲዶች ምህጻረ ፊደል ነው። እነዚህ አይሄዱም። አንዱን ክር ይይዙና እጥፍ ያደርጉታል፣ የታጠፈው ከጓደኛው ጋር መጣበቅ አይችልም፣ ይላቀቃል። ከዚያ ኤቲፒው ሲሰበር ለቀው ይሄዳሉ። ያዝ፣ እጠፍ፣ ልቀቅ። ረጅም ነገር አይፈቱም፣ አጫጭር ብቻ። ለአርኤንኤ ይበቃዋል። በሽሩባና በኪስ ውስጥ በተወሳሰበ ገመድ መካከል ያለውን ልዩነት አስቡት፣ ሁለተኛውን ማንም ከጫፍ እስከ ጫፍ አይሄድበትም፣ የተቋጠረበት ቦታ ሄዶ ነው የሚፈታው።

ሄሊኬዝ ሲበላሽ ስለሚመጡት በሽታዎች ብዙ ማለት አልፈልግም፣ ግን አንዱን ልጥቀስ። በ1904 ኦቶ ቨርነር የሚባል ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ አራት ወንድማማቾችና እኅትማማቾችን መዝግቦ ነበር፣ ሁሉም ገና ሳያረጁ ያረጁ። በሃያዎቹ ዕድሜ ፀጉር ይሸብታል፣ ከዚያ ዓይን ሞራ ይይዘዋል፣ ስኳር ይመጣል። ምክንያቱ የታወቀው በ1996 ነው። አንድ ሄሊኬዝ ተበላሽቶ። ዋናው ቀለበት አይደለም የተበላሸው፣ እሱ ቢበላሽ ሰውየው መጀመሪያውኑ አይወለድም። የተበላሸው ከዋናው ኋላ ኋላ እየሄደ የተወሳሰበውን የሚያቃናው ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሲባጎና ዶቃ ይዤ ገባሁ። ልጅቷን ፊት አወጣኋትና አንዱን ጫፍ አስያዝኳት። "አትልቀቂ" አልኳት። ሌላ ልጅ መገንጠል ጀመረ። ሲባጎው ከረረ፣ ጉብ ጉብ አለ፣ እምቢ አለ፣ ክፍሉ ሳቀ። መቀስ አወጣሁና ከፊት ያለውን ቆረጥኩ፣ ተሾረ፣ ላላ። "ይሄ ጋይሬዝ ነው፣ እሱ ግን መልሶ ይቀጥለዋል፣ እኔ አልችልም" አልኩ። ከዚያ ዶቃውን አሳየኋቸው። ሰሌዳው ላይ መሰላል አልሣልኩም።

የጨረስኩ መስሎኝ ሲባጎውን እየጠቀለልኩ ሳለ ደግሞ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ቀለበቱ ክሩ ላይ ተሰክቷል አይደል? ሲጨርስ በምን ይወጣል?"

ይሄንን እንኳ አውቀው ነበር፣ በአጋጣሚ ማታውን አንብቤ። ሁለት ቀለበቶች ከተቃራኒ አቅጣጫ መጥተው ሥራቸውን ሲጨርሱ፣ ኤምሲኤም7 ላይ ምልክት ይለጠፋል፣ "ይወገድ" እንደማለት። ፒ97 የሚባል ሌላ ማሽን ምልክቱን ያይና ቀለበቱን ይጎትትና ይበትነዋል።

"ያኛውስ?" አለች። "ፒ97ቱ ምን ዓይነት ነው?"

"እሱም ስድስት ክፍል ያለው ቀለበት ነው" አልኳት።

ደወሉ ተደወለ። ዶቃውን ግን አልመለሰችልኝም፣ እናቴ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።